የጥቅምቱ አዳር፦ ለወላጅና ለልጅ ምን ዓይነት ሀሞክ?

ጸሐፊው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሁድ እንደተነጋገርነው በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ከልጆቻችን ጋር ውጭ እናድራለን። ድንኳን ይቅር፣ ሀሞክ (በሁለት ዛፍ መሀል የሚንጠለጠል የጨርቅ መኝታ) ይሁን ያላችሁት በዛችሁ። ለማኅበሩ ሰብሳቢዎች የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እንጻፈው። መነሻ ይሁነን ብዬ ይቺን አሰፈርኩ፦ «ቦታው ጎርጎራ፣ ጣና ዳር። ለአንድ ወላጅና ለአንድ ልጅ አንድ ትልቅ ሀሞክ። ስድስት ሀሞክ ከማኅበሩ ካዝና ይገዛ።» ያልተስማማችሁበትን ቁረጡት።

የአዘዞው አባት፦
«አንድ ትልቅ ሀሞክ» የምትለዋን ሰርዝልኝ። ዓምና ሁለት ሰው ይይዛል የተባለ ገዝቼ ከልጄ ጋር አንድ ሌሊት አድሬበታለሁ። ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። እንዳይረግብ ብዬ በሁለት ባህር ዛፍ መሀል እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ወጠርኩት። ገና ከመውጣታችን ሁለታችንም ወደ መሀል ተንከባለልን። ክርኑ ጎኔ ውስጥ፣ ጉልበቴ ጀርባው ላይ። እኔ ስገላበጥ እሱ ይነቃል፣ እሱ ሲገላበጥ እኔ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገመዱ ጧ አለ። ዘጭ! ልጁ በሳቅ ሞተ። «አባ፣ ድገመው» ይለኛል። እኔ ወገቤን ይዤ ሳምንት ከረምኩ። ገመዱ ቀጭን ናይለን ነበር፤ የመረጥኩት ራሴ ነኝ፣ ማንንም አልወቅስም።

የፊዚክስ መምህሩ፦
ይቅርታ ጋሼ፣ እኔም ሳቅሁ። ግን ጥፋቱ የገመዱ ብቻ አይደለም። መወጠሩ ነው የበጠሰው። አንተ 70 ኪሎ፣ ልጁ 20፣ በድምሩ 90 እንበል። ማሰሪያው ከአግድም 30 ዲግሪ ያህል ቁልቁል ሲወርድ እያንዳንዱ ጎን የ90 ኪሎ ሸክም ይጎትታል። 10 ዲግሪ ብቻ እስኪቀር ስትወጥረው ግን ወደ 260 ኪሎ ይደርሳል። ያውም ዝም ብላችሁ ስትተኙ። ልጅ ሲዘልበትማ አትጠይቁኝ።

መለኪያ አይዛችሁም፣ ስለዚህ እጃችሁን ተጠቀሙ። ሌባ ጣታችሁን ወደ ጎን፣ አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ዘርጉ። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚሄደው መስመር ለ30 ዲግሪ ይቀርባል። ማሰሪያው ከዚያ መስመር ጋር ከገጠመ ጨርሳችኋል። የረገበ ሀሞክ ሰነፍ ይመስላል እንጂ የሚያስተኛው እሱ ነው። ቀጥ ብላችሁ ሳይሆን ሰያፍ ተኙበት። ያኔ ጀርባ ይዘረጋል፣ ሙዝ መሆን ይቀራል።

ጸሐፊው፦
ተሰርዟል። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ይኖረዋል። ግን አሥራ ሁለት ሀሞክ መግዛት ካዝናችን ይችላል?

ልብስ ሰፊው፣ ከቅዳሜ ገበያ፦
የልጆቹን ለእኔ ተዉልኝ። ጠንካራ ናይለን ሁለት ሜትር ተኩል አምጡ። ሁለቱን ጫፍ አጥፌ በድርብ ስፌት እንደ ሱሪ መቀነቻ ቦታ አወጣዋለሁ። በዚያ ገመድ አስገብቶ መሰብሰብ ነው። የአዋቂውን ግን ግዙ፤ ከሦስት ሜትር ያላነሰ ይሁን። ራስጌና ግርጌው ላይ እንጨት ያለበትን እንዳትገዙ። ፎቶ ላይ ያምራል፣ ሰው ሲተኛበት ይገለብጣል። ማሰሪያው ደግሞ ገመድ ሳይሆን ጠፍጣፋ ቀበቶ ይሁን፣ ሁለት ጣት ያህል ስፋት ያለው። ቀጭን ገመድ የዛፉን ቅርፊት ይገዘግዛል።

ነርሷ፦
እኔ ቦታው ላይ ጥያቄ አለኝ። ጎርጎራ በጥቅምት? ክረምቱ ወጥቶ ወባ የሚበረታበት ሰሞን እኮ ነው። ጣና ዳር ደግሞ ከ2,000 ሜትር በታች ነው። የወባ ትንኝ የምትነክሰው ሌሊት፣ ልክ እኛ ተንጠልጥለን በምንተኛበት ሰዓት።

አጎበር እንይዛለን ትሉኝ ይሆናል። የአልጋ አጎበር ለሀሞክ አይሆንም፣ ከሥር ክፍት ነው። ዙሪያውን የሚዘጋ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የማያስበው ሌላም ነገር አለ። ትንኝ በስስ ናይለን ውስጥ አልፋ ጀርባ ትነክሳለች። ጨርቁ ቆዳችሁ ላይ የተለጠፈ ነዋ። ከሥር ወፍራም ነገር ከሌለ አጎበሩ ከላይ ቢሸፍናችሁም ከታች ትበላላችሁ።

የማራኪዋ እናት፦
ሲስተር እውነቷን ነው። የእኔዋ አምስት ዓመቷ ነው፣ ወባ ያለበት አልወስዳትም። ስሜን ተራሮችስ? ልጆቹ ዋልያ ያዩ ነበር።

የአዘዞው አባት፦
ስሜን ለሀሞክ አይሆንም። እዚያ ያለው የሳንቃበር ማደሪያ ራሱ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ጨነቅ የሚባለው ማደሪያ ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ ጅብራ በሚሉት የደጋ ተክል ላይ ሀሞክ አይታሰርም። ለእግር ጉዞ ሌላ ጊዜ። ኮሶዬ ይሻላል። ከጎንደር በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወባው የለም፣ ጭላዳ ዝንጀሮም ይታያል። ብርዱ ግን አይጣል ነው።

ነርሷ፦
ከብርድ ጋር እንታገላለን፣ ከወባ ይሻላል። ግን ብርዱ ከላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ከሥር ነው የሚገባው። ጋቢ ብትደርቡ በተኛችሁበት በኩል በክብደታችሁ ይጨፈለቃል። የተጨፈለቀ ጋቢ አየር አይዝም፣ አየር ካልያዘ አያሞቅም። ከሥር የሚንጠለጠለው ልዩ ብርድ ልብስ እዚህ ካልተገኘ፣ የስፖንጅ ምንጣፍ ውስጡ አንጥፉ። ከትከሻ ይስፋ፣ አለበለዚያ ልጆቹ ክንዳቸው ሲበርድ ይነቃሉ። ጋቢው ከላይ።

ከሁለት ዓመት በታች ያሉትን አታምጡ። ሕፃን ሀሞክ ውስጥ አይተኛም፤ ፊቱ ጨርቁ ላይ ሊደፋ፣ ትንፋሹም ሊታፈን ይችላል። ለሌሎቹም በአንገት ቁመት የሚንጠለጠል ትርፍ ገመድ አይኑር።

የፊዚክስ መምህሩ፦
አሰቃቀሉን ልጨምር። አንዱን ሀሞክ ከሌላው በላይ የሚደርቡ አሉ። የላዩ ቢበጠስ ልጁ ላይ ነው የሚወድቀው፣ አይሆንም። ሦስት ዛፍ ምረጡ። የወላጁም የልጁም ራስጌ አንዱ ዛፍ ላይ ይታሰር፣ ግርጌው ይለያይ። ሌሊት ልጁ ሲጠራችሁ እጃችሁን መዘርጋት ብቻ ነው። የልጁ ከጉልበት አይበልጥ፣ ከሥሩ ጠጠር ይለቀም። ዛፎቹ ከአራት እስከ አምስት ሜትር ይራራቁ።

የማራኪዋ እናት፦
የጥቅምት ዝናብ ቢጥልስ? ኮሶዬ እኮ ነው።

ልብስ ሰፊው፣ ከቅዳሜ ገበያ፦
ሸራ በሦስት በአራት ሜትር። ውሃው ግን በማሰሪያው ተከትሎ ይገባል። ሸራው ሥር፣ ማሰሪያው ላይ ቁራጭ ጨርቅ ቋጥሩ። ውሃው ጨርቁ ላይ ሲደርስ እዚያው ይንጠባጠባል። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ሌሊት ትታወቃለች።

ጸሐፊው፦
እንዲህ ሆኗል፦ «ቦታው ኮሶዬ፣ መንገዱ ደህና ከሆነ። ስድስት የአዋቂ ሀሞክ ይገዛ፣ ስድስት የልጅ ይሰፋ። ጠፍጣፋ ቀበቶ 24። የስፖንጅ ምንጣፍ 12። ሸራ 6። ከሁለት ዓመት በታች ልጅ አይመጣም። አንድ ሳምንት ቀድሞ ሁለት ሰው ሄዶ ዛፍ ይመርጣል፣ የአካባቢውን ሰው ያስፈቅዳል።» የቤተ ክርስቲያን ደን ዛፍ ላይ አናስርም፣ ይህን ሳልጽፈውም ታውቁታላችሁ። ጎደለ?

የአዘዞው አባት፦
«ባህር ዛፍ ላይ አይታሰር» ጨምርበት። ቅርንጫፉ ሳይታሰብ ይወድቃል።

ጸሐፊው፦
ገባ። ዛፍ ለማየት ማን ይሄዳል?

የአዘዞው አባት፦
እኔና ልጄ። ቀበቶውን ይዤ ሄጄ እዚያው እሞክረዋለሁ። በቀን ነው፣ ወገቤን አታስቡ።