አስቸኳይ፦ ዲስክ ላይ የጻፍኩት ፋይል ተበላሽቶ ይነበባል

ባለ አራት ኪሎ
እባካችሁ ድረሱልኝ፤ ነገ ጠዋት 2፡30 ላይ ለአለቆቼ የማሳየው ሥራ ነው። ላብራቶሪው ውስጥ ዲስኮች የሚሰኩበት አሮጌ የፒሲአይ ካርድ አለ። የሊኑክስ ድራይቨሩን (ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) የጻፍኩት እኔው ነኝ። ፋይል ስጽፍ ምንም ኤረር የለም፣ የከርነሉም (የሲስተሙ እምብርት) ሎግ ንጹህ ነው። መልሼ ሳነበው ግን ቼክሰሙ (የፋይሉ ማመሳከሪያ ቁጥር) አይገጥምም። ሁለቱን ሳመሳክር የተበላሸው በ4096 ባይት በ4096 ባይት ነው፤ አንዱ ቁራጭ ውስጥ ያገኘሁት ደግሞ ብራውዘሬ ላይ ከፍቼው የነበረ ገጽ ጽሑፍ ነው! እስከ ትናንት ይሠራ ነበር። ኮዱን አልነካሁም።

ባለ ላጲስ
ወንድሜ ራሙን ነቅለህ ጥርሱን በላጲስ ጥረገው። የዚህ ከተማ ግማሽ ኮምፒውተር ቆሞ የሚሄደው በላጲስ ነው።

ሽቦ አዋቂ
የሳታ ኬብል ቀይር። ስማርት (የዲስኩ የራሱ የጤና መዝገብ) ላይ 199 ቁጥርን፣ የዝውውር ስህተት ቆጣሪውን፣ እየው፣ እየጨመረ ከሄደ ኬብሉ ነው።

ባለ አራት ኪሎ
እህታችሁ ነኝ። 199 ዜሮ ነው። ላጲሱንም ሞክሬዋለሁ (አትሳቁ)።

ለገሃር ማዶ
እኔ የማይገባኝ፣ በዚህ ዘመን ድራይቨር መጻፍ ምን ይሉታል? አንድ ኤንቪኤምኢ (አዲሱን ፈጣን ዲስክ) ገዝተሽ አትገላገይም?

ባለ አራት ኪሎ
የምትገዛልኝ ከሆነ አድራሻዬን በውስጥ ልላክልህ። ካርዱ ከመሣሪያው ጋር የመጣ ነው፣ አይቀየርም።

ጋሽ ከርነል
ልጄ፣ ዲኤምኤ ማለት ፕሮሰሰሩ ባይት በባይት ሳይሸከም ካርዱ ራሱ ሚሞሪው ላይ ሄዶ የሚያነብበትና የሚጽፍበት መንገድ ነው። ስለዚህ የተሳሳተ አድራሻ ከሰጠሽው ብዙ ጊዜ ከልካይ የለውም። በመጀመሪያ፣ ስታክ (የፈንክሽኑ ጊዜያዊ ሚሞሪ) ላይ ያለ በፈር ለካርድ አይሰጥም፤ ከሊኑክስ 4.9 ወዲህማ ጭራሽ አይሞከርም። ማፕ ካደረግሽ (በፈሩን ካርዱ ለሚጠቀምበት አድራሻ ካበቃሽ) በኋላ ተሳክቶ እንደሆነ ፈትሺ። ስካተር ጋዘር (የተበታተኑ የሚሞሪ ቁራጮችን በአንድ ዝርዝር መላክ) ከሆነ ደግሞ የሚመለስልሽ የቁራጭ ቁጥር ከሰጠሽው ሊያንስ ይችላል፤ ለካርዱ የተመለሰውን ትሰጫለሽ፣ አንማፕ ስታደርጊ (ማፑን ስታፈርሺ) ግን የመጀመሪያውን። በእኛ ጊዜ፣ በአይኤስኤ (ከፒሲአይ በፊት በነበረው የካርድ መሰኪያ) ዘመን፣ የዲኤምኤ ወሰኑ 16 ሜጋ ነበር፤ እዚያች ውስጥ ተጣበን...

ሽቦ አዋቂ
ኬብሉን ቀየርሽው ግን?

ፖይንተር
ጋሼ ወሰን ሲሉ አንድ ነገር መጣልኝ። ባለ አራት ኪሎ፣ ማሽኑ ላይ ምንም የተቀየረ ነገር የለም?

ባለ አራት ኪሎ
ምንም። ትናንት ከሰዓት ራም ብቻ ጨመሩልኝ፣ ከ4 ወደ 8 ጊጋ።

ፖይንተር
ይሄን ነው ምንም የምትዪው? 😂
ካርድሽ አድራሻ የሚቀበለው በ32 ቢት ነው፣ ከ4 ጊጋ በላይ አያይም። ድራይቨሩ ውስጥ የዲኤምኤ ማስኩን (ካርዱ ስንት ቢት አድራሻ እንደሚችል ለከርነሉ የሚነግረውን) 64 ብለሽዋል፣ አይደል? ከርነሉ አምኖሽ 5 ጊጋ ላይ ያለ የሚሞሪ ገጽ (የ4096 ባይት ቁራጭ) ይሰጥሻል፤ ካርዱ ላይኛውን ቢት ይጥልና 1 ጊጋ ላይ ያገኘውን ዲስኩ ላይ ይጽፋል። የብራውዘርሽ ጽሑፍ ዲስክ ላይ የገባው እንደዚያ ነው። የሚያስፈራው ማንበቡ ነው፤ ያኔ ካርዱ የሌላ ፕሮግራም ሚሞሪ ላይ ይጽፋል። ዋና ዳታ ያለበት ዲስክ ካለ አሁኑኑ ንቀዪው።
ለማረጋገጥ ግሩብ (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ ‹ሜም=3ጂ› (በላቲን ፊደል) ጨምረሽ አስነሺው፤ ከርነሉ ከ3 ጊጋ በላይ ያለውን ራም አይነካም። ከጠራ እሱ ነው። ከዚያ ፕሮብ (ድራይቨሩ ካርዱን ሲያገኝ የሚጠራው ፈንክሽን) ውስጥ ማስኩን 32 አድርጊው፤ ካርዱ የማይደርስበትን ከርነሉ ራሱ ታች ባለ ባውንስ በፈር (መሸጋገሪያ ሚሞሪ) ገልብጦ ያሳልፈዋል። ፍጥነቱ ትንሽ ይወርዳል፣ እሱን ቻይው።

ለገሃር ማዶ
ታዲያ 4 ጊጋ እያለስ ለምን ሠራ? ባዮሱ ከ4 ጊጋ በታች ለፒሲአይ ቦታ ሲለቅ የተረፈውን ራም ወደ ላይ ይገፋዋል። ያኔም መበላሸት ነበረበት።

ባለ አራት ኪሎ
እ... በወር አንዴ የሚበላሽ ፋይል ነበር። መብራት ሲሄድ ነው ብለን ትተነው ነበር።

ጋሽ ከርነል
መብራት ስንቱን ተሸከመ!

ባለ አራት ኪሎ
በ3 ጊጋ አስነሳሁት፤ አራት ጊዜ ጻፍኩ፣ አራቱም ገጠመ!!! ማስኩ እውነትም 64 ነው፣ ከሌላ ድራይቨር ስቀዳ አብሮ የመጣ። ኮምፓይል እያደረግኩ ነው፣ ጥበቃው ደግሞ በር ልዝጋ እያለኝ ነው።

ፖይንተር
የዲኤምኤ ዲበጉንም (የስህተት መከታተያውን) ከርነሉ ላይ አብሪው፤ አንማፕ ያልተደረገ ካለ ሎጉ ላይ ይጮኻል።

ሽቦ አዋቂ
ለማንኛውም ኬብሉንም።

ፖይንተር
ባለ አራት ኪሎ፣ እንዴት ሆነ? 2፡30 አለፈኮ።

አዲስ ገቢ
ይቅርታ፣ እኔም ፍላሼ ‹ፎርማት ይደረግ?› እያለኝ ነው፣ ልበለው?