የሚያበላት አላት፣ ባለቤት ግን የላትም፦ ስለ ደብረ ብርሃን ድመቶችና ስለ ጓሯችን

የተከበራችሁ የሰሜን ሸዋ ተወላጆችና ወዳጆች፣

በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ የሚኖሩት ወንድማችን በደብረ ብርሃን የእናታቸው ጓሮ ውስጥ የጎረቤት ድመቶች የሰላጣውንና የሽንኩርቱን መደብ እየቆፈሩ ስላስቸገሩ ምን ቢደረግ እንደሚሻል ጠይቀዋል። አንዳንዶቻችን ነገሩን በሳቅ አልፈነዋል፤ ይሁን እንጂ በሰፈር ውስጥ ሰው ከሰው ሰላምታ የሚነሣሣው በድንበርና በውርስ ብቻ አለመሆኑን ጓሮ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ በእንግሊዝ አገር ኖሬ ወደ ደብረ ብርሃን የተመለስሁና አሁን ጓሮ የማለማ ሰው በመሆኔ፣ የሁለቱንም አገር ልማድ አይቻለሁና ሐሳቤን ዘርዘር አድርጌ ማቅረብ ወድጃለሁ።

ድመት ስትጸዳዳ ልል፣ ደረቅና የደቀቀ አፈር ትመርጣለች። ለችግኝ የተዘጋጀ መደብ ደግሞ ድንጋዩ ተለቅሞ፣ ጓሉ ተሰባብሮና ፍግ ተዋህዶ የለሰለሰ መሬት ስለሆነ ለእርሷ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። በማለዳ ሲታይ ጣት የማያህል የሽንኩርት ችግኝ ሥሩ ወደ ላይ ተገልብጦ፣ በመደቡ መካከል ክብ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ አጠገቡም በመዳፍ የተጠረገ አፈር ተቆልሎ ይገኛል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ከተማችን፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድበት ጊዜ፣ ሥሩ ተጋልጦ ያደረ ችግኝ መልሰው ቢተክሉትም የሚጸድቀው ጥቂቱ ነው።

«እርሱም ፍግ ነው፣ ምን ይጎዳል?» የሚሉ አሉ። ይህ ትክክል አይደለም። የበግና የከብት ፍግ ሣር ከሚበላ እንስሳ የሚገኝ ሲሆን የድመት ዓይነ ምድር ግን ሥጋና አይጥ ከሚበላ እንስሳ የሚወጣ ነው፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን ጥገኛ ተውሳክ ሊይዝም ይችላል። ድመት ተውሳኩን ብዙ ጊዜ የምታገኘው በልጅነቷ የተበከለ አይጥ ወይም ጥሬ ሥጋ በልታ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ እንቁላል መሰል የተውሳክ ዘሮችን በብዛት ታወጣለች። እነዚህ ዘሮች ከ1 እስከ 5 ቀን ውስጥ ለመበከል የሚደርሱ ሲሆን በእርጥብ አፈር ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሽታው እንደያዘው እንኳ አያውቅም፤ ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ግን ፅንሱ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት አትክልት ስትኮተኩት ጓንት ብታደርግ፣ ሰላጣውም በብዙ ውሃ ቢታጠብ መልካም ነው። በነገራችን ላይ ይኸው ተውሳክ በጥሬ ሥጋም ስለሚተላለፍ፣ በበዓል ቁርጡን እያወራረዱ ድመቷን ብቻ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ለእኛ አካባቢ ከሽንኩርቱ ይበልጥ የሚያሳስበው የበጉ ነገር ነው። ቶክሶፕላዝማ በዓለም ዙሪያ በጎች ከሚያስወርዱባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው፤ የሚገባውም ድመቶች፣ በተለይም ግልገሎቻቸው፣ በድርቆሽና በተከመረ ገብስ ላይ ሲጸዳዱ ነው። በመንዝም ሆነ በደብረ ብርሃን ዙሪያ በግ የሚያረባ ቤተሰብ እርጉዝ በጎቹ በተደጋጋሚ ሲያስወርዱ ሌላ ሌላውን ሁሉ ይጠረጥራል፤ በድርቆሹ ክምር አናት ላይ ስለምትተኛዋ ድመት ግን አያስብም። መኖውን መሸፈን ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ድመት የምትጠቅመው ጥቅም መዘንጋት የለበትም። ገብሱና ስንዴው በጎተራ በሚቀመጥበት አገር ድመት የሌለው ቤት እህሉን ለአይጥ ያካፍላል። «ድመቶቹ ይወገዱ» የሚለውን ሐሳብ የማልቀበለውም ስለዚህ ነው፤ ዛሬ ድመት ያስወገደ ሰፈር ነገ የአይጥ መርዝ መግዛቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። በውጭ የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ «እዚህ ቢሆን እኮ ሕግ አለ» ትላላችሁ። ሕግስ አለ፤ ዳሩ ግን የምትገምቱትን አይልም። በእንግሊዝ አገር ድመት የሰው ግቢ ብትገባ፣ ብትቆፍርና ብትጸዳዳ ባለቤቷ በአብዛኛው በኃላፊነት አይጠየቅም፤ ሕጉ ድመት በተፈጥሮዋ የምትዞር እንስሳ መሆኗን ተቀብሎ ትቷታል። በሌላ በኩል ድመት የባለቤቷ ንብረት በመሆኗ መስረቅም ሆነ መጉዳት ወንጀል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግም እንስሳን ያለ በቂ ምክንያት ማሠቃየትን ይከለክላል፣ ባለቤቱንም የእንስሳውን ፍላጎት የማሟላት ግዴታ ይጥልበታል። እ.ኤ.አ. ከጁን 10 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝ 20 ሳምንት የሞላት የቤት ድመት ሁሉ ማይክሮቺፕ የሚባል የመለያ ቁጥር የያዘ ትንሽ መሣሪያ ከቆዳዋ ሥር እንዲቀበርላት፣ የባለቤቷም አድራሻ በዚያ ቁጥር እንዲመዘገብ ግዴታ ሆኗል፤ ይህን እንዲያደርግ ተነግሮት ያላደረገ ሰው እስከ 500 ፓውንድ ይቀጣል። ሌሎች አገሮች ከዚህ አልፈው ሄደዋል። የጀርመኗ ፓደርቦርን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ድመቱን ወደ ውጭ የሚለቅ ሰው እንዲያኮላሻትና ምልክት እንዲያደርግባት ታስገድዳለች። በአውስትራሊያ ዋና ከተማ በካንቤራ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2022 ወዲህ የተወለደ ድመት ከባለቤቱ ግቢ እንዳይወጣ ተደንግጓል።

የእኛ አገር ሕግ በዚህ ረገድ ከእንግሊዙ የጠበቀ መሆኑን ስነግራችሁ ሳይገርማችሁ አይቀርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ እንስሳው በድንገት ያመለጠ ቢሆን ወይም ጉዳቱ አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ከኃላፊነት አይድንም። አንቀጽ 2073 ደግሞ ጉዳቱ በራሱ ጥፋት ያልደረሰ ባለቤት የቤት እንስሳውን ለተጎጂው በመልቀቅ ነጻ ሊወጣ እንደሚችል ይናገራል። ይህን በድመት ላይ ስናውለው ግን ሽንኩርቱ የተቆፈረበት ሰው በካሣ ፈንታ ቆፋሪዋን ተረክቦ ወደ ቤቱ ይገባል ማለት ነው፤ ይህን ፍርድ ፈልጎ ፍርድ ቤት የሚሄድ ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? እንደ እኔ አስተያየት በሰፈራችን ድመት የሚያበላት ሰው እንጂ ባለቤት የላትም። በአንድ ግቢ በር ላይ ማታ ማታ በወተት ቆርቆሮ ክዳን ላይ የሽሮ ፍትፍት ይቀመጥላታል፤ ክረምት ሲገባ ከምድጃው አጠገብ ትተኛለች፤ የምትወልደውም በዚያው ቤት አልጋ ሥር ነው። አይጥ ይዛ የታየች ዕለት «የእኛ ድመት» ትባላለች። ጎረቤት የተቆፈረ መደብ አሳይቶ ሲጠይቅ ግን «ኧረ የሰፈር ድመት ናት፣ ራሷ መጥታ ነው» የሚል መልስ ይሰጣል። በእንግሊዝ ማይክሮቺፑ ያደረገው ትልቁ ነገር ድመቷን ከአንድ ሰው ስም ጋር ማያያዙ ነው። እኛ ቺፕ አያስፈልገንም፤ በአንድ ቅያስ ውስጥ የትኛዋ ድመት በየትኛው ቤት እንደምትበላ ሁሉም ያውቃል። የሚያስፈልገን የሚያበላት ሰው ባለቤትነቱን በጎረቤቶቹ ፊት እንዲቀበል ነው፤ ቀሪው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይቀላል።

ባለቤትነቱን የተቀበለ ሰው የመጀመሪያ ሥራው መውለዷን መግታት ይሆናል። ሴት ድመት ከአራት እስከ ስድስት ወር ዕድሜዋ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋ ሁለት ወር ያህል ብቻ ነው፤ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙ በማይለዋወጥበት አገራችን ደግሞ ወቅት ጠብቃ አትወልድም። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ግልገሎቹ በማዳበሪያ ከረጢት ተቋጥረው ገበያ ዳር ወይም ወፍጮ ቤት አጠገብ ይጣላሉ፣ የተረፉትም ባለቤት የሌላቸው ሌቦች ይሆናሉ። ይህ ጭካኔ ከመሆኑም በላይ የራስን ችግር ለሌላው ሰፈር ማውረስ ነው። ወንዱ ድመት ሲኮላሽ ሌሊት ሌሊት መጮኹ፣ መደባደቡና በየአጥሩ ሽንቱን መርጨቱ በእጅጉ ይቀንሳል። በአካባቢያችን ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች እጃቸው የለመደው በግና ከብት ቢሆንም፣ ባለቤቶች ተባብረው ድመቶቻቸውን በአንድ ቀን ቢያቀርቡ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ማስመጣት 130 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነውና የሚከብድ አይደለም። በዚያው ዕለት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መስጠት ይቻላል፤ በሽታው በአብዛኛው በውሻ የሚተላለፍ ቢሆንም ድመትም ታስተላልፋለች። ያልተከተበች ድመት የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፤ ክትባቱን ግን ለነገ አያሳድር።

ስለ መቆፈሯ ሲነሣ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። ዓመሏን እንደማትረሳ እኔም እስማማለሁ፤ ነገር ግን ዓመሏን የምትፈጽምበትን ቦታ መስጠት ይቻላል። ባለቤቷ በራሱ ግቢ ጥግ፣ ዝናብ በማያገኘው ቦታ፣ አሸዋና አመድ ቀላቅሎ ቢያኖርላትና በየጊዜው ቢያጸዳው አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያው ትለምዳለች። ማታ አብልቶ እህል ባለበት ክፍል መዝጋትም ይቻላል፤ አይጡም የሚወጣው በዚያው ሰዓት ነው፣ የጎረቤት መደብና የጎረቤት ጫጩትም ከእርሷ ያርፋሉ።

የጓሮው ባለቤትም ቢሆን እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ችግኙ እስኪጠነክር መደቡን በዶሮ ሽቦ ወይም በእሾህ ቅርንጫፍ መሸፈን፣ አፈሩንም እርጥብ አድርጎ ማቆየት ከማንኛውም ዘዴ በተሻለ ይሠራል፤ ድመት ረግረግ ያለ አፈርና መዳፏን የሚወጋ ነገር አትወድም። የተገኘውን ዓይነ ምድር በአካፋ አንሥቶ መጣልም ያስፈልጋል፤ ሽታው እዚያው ከቆየ ወደዚያው ቦታ ትመለሳለችና። በርበሬ መበተን ግን ዓይኗንና መዳፏን ከማቃጠል በቀር ነገሩን አይፈታም፤ ለልብስ የሚደረገው ናፍታሊንም ለድመት መርዝ ነው። የአይጥ መርዝ በሥጋ ለውሶ ማስቀመጥን በተመለከተ፣ ይህን ያሰበ ሰው ያ ሥጋ ቀድሞ ወደ ማን አፍ እንደሚገባ ያስብ፤ ውሻ አለ፣ ዶሮ አለ፣ በእጁ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚያስገባ ሕፃንም አለ።

ይህ ሁሉ ስምምነት ይጠይቃል፤ ስምምነት ደግሞ ለሰሜን ሸዋ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የመንዝ ሰዎች ጓሳ የሚባለውን የጋራ መሬታቸውን ሣር ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩት መቼ እንደሚታጨድና መቼ እንደሚዘጋ በመካከላቸው ደንብ አበጅተው ነው። የአንድ ቅያስ ነዋሪዎች ስለ ድመቶቻቸው መነጋገር ያቅታቸዋል ብዬ አላምንም፤ የእድሩ ስብሰባ መጨረሻ ላይ ሩብ ሰዓት ይበቃል።

ወንድማችን ከሊድስ ሊልኩት ስላሰቡት ድምፅ የሚያወጣ የድመት ማባረሪያ መሣሪያ ለጠየቁኝ፣ ባይልኩት እመርጣለሁ። አንዳንዷ ድመት ትሸሻለች፣ አንዳንዷ ደንታም የላትም፤ ባትሪውንም የሚቀይርላቸው ሰው ያስፈልጋል። እንቅስቃሴ ሲያይ ውሃ የሚረጨው ዓይነት በእንግሊዝ ጓሮዎች ጥሩ ሠርቷል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ምን ሊረጭ ነው? ለመሣሪያው ያሰቡትን ገንዘብ ለዶሮ ሽቦና ለሐኪሙ አበል ቢያውሉት ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ፤ ከባሕር ማዶ ስልክ ደውለው ለቀበሌ ከማመልከትዎ በፊት ነገሩን እናትዎ ራሳቸው ለጎረቤታቸው በቡና ላይ ያንሡት፤ ልጅ ከውጭ ሲከስስ እናት በሰፈሩ ትቀያየማለች። ጎረቤቲቱ ከተስማሙ ሐኪሙ ከሚመጣበት ዕለት ዋዜማ ማታ ጀምሮ ለአቅመ መውለድ የደረሱት ድመቶች ምግብ እንዳይሰጣቸው፣ በማለዳም ክዳን ባለው ቅርጫት እየተደረጉ እንዲቀርቡ ይንገሯቸው፤ በክንድ ታቅፎ ማምጣት ለሁሉም አይመከርም።