ዞምቢ ቢነሳ ቤታችሁ ስንት ቀን ይቆያል?

የሰሚቷ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው የልጅ ቢመስልም ከልቤ ነው የምጠይቀው። ትልቁ ልጄ ዞምቢ፣ ያ ፊልም ላይ ሞቶ ተነስቶ ሰው የሚነክሰው፣ የነከሰውንም እንደ ራሱ የሚያደርገው፣ አዲስ አበባ ቢገባ የት እንደምንደበቅ፣ ምን እንደምንበላ ጠየቀኝ፤ መልስ አጣሁ። ጓዳዬን ሳየው የሁለት ቀን ወጥ፣ የሦስት ቀን እንጀራ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ። በቃ። ዞምቢውን ተዉትና ለአንድ ሳምንት ከቤት አትውጡ ብንባል እንኳ አንዘልቅም።

ያለንበትን ልንገራችሁ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ። አምስት ነን፤ እኔና ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና እናቴ። እናቴ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። ውሃ በፈረቃ ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ ፓምፑ ስለማይሠራ በፈረቃችን ቀንም እኛ ጋ አይወጣም። በራችን ብረት ነው። መኪና የለንም።

ሁለት ሳምንት በር ዘግቶ ለመቀመጥ ምን ይገዛ፣ የቱ ይቅደም? ወይስ ገና ወሬው ሲሰማ መውጣት ነው የሚሻለው? የባለቤቴ ቤተሰቦች ደብረ ብርሃን አካባቢ ናቸው። እሱ እንውጣ ባይ ነው። እኔ እናቴን ይዤ መንገድ ላይ መቅረቱን ነው የምፈራው። ብር እንደ ልብ የለም፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየተገዛ የሚሞላ ነገር ብትነግሩኝ።

ጠብታ

እህቴ፣ ከምግብ በፊት ውሃ። ሥራዬ ከውሃ ጋር ስለሆነ በዚህ ልድረቅ። ለመጠጥና ለማብሰያ በሰው በቀን 4 ሊትር ያዢ። አምስት ስለሆናችሁ በቀን 20 ሊትር ነው፣ አንድ ጀሪካን ማለት። ለሁለት ሳምንት 14 ጀሪካን። በወር ሁለት ሁለት ብትገዢ በሰባት ወር ይሞላል። በየመኝታ ቤቱ ግድግዳ ሥር ደርድሪው እንጂ ሁሉንም በረንዳ ላይ አትከምሪ፣ ፀሐይ ፕላስቲኩን ያደክመዋል። የቆየውን እየተጠቀምሽ በአዲስ ተኪ፣ በፈረቃችሁ ቀን ማለት ነው።

ውሃው ካጠራጠረሽ አፍሊው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ ከሌለ በረኪና። ሽታ ያልተጨመረበት፣ ጥንካሬው 5 በመቶ አካባቢ የሆነ፣ በአንድ ሊትር 2 ጠብታ፤ አማስለሽ 30 ደቂቃ ጠብቂ። የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ በነጠላ አጥልይው፣ ከዚያ ጠብታውን እጥፍ አድርጊው። ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ካገኘሽ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ተከተይ።

ሰው የሚረሳው ሽንት ቤት ነው። በባልዲ ውሃ እያፈሰሱ መቀጠል አይቻልም፣ የሚጠጣው ያልቃል። ክዳን ያለው ባልዲ፣ ውስጡ ድርብ ፌስታል፣ በየጊዜው ከላዩ አመድ ወይም ኖራ። ከዞምቢው በፊት ቤት ውስጥ ተቅማጥ ነው የሚገባው፣ ያውም ልጆቹን ነው የሚጀምረው።

ሙሉ ጓዳ

ጠብታ ስለ ውሃ ጨርሶታል፣ ስለ ምግብ እኔ ልበል። የታሸገ ነገር ለመግዛት ወደ ሱፐርማርኬት አትሂጂ፣ ብርሽን ነው የሚጨርሰው። እናቶቻችን ለረጅም መንገድ የሚያዘጋጁት ስንቅ ለዚህ ቀን የተሠራ ነው የሚመስለኝ። በሶ እሳት አይፈልግም፣ በውሃና በጨው ይበጠበጣል፣ አንድ ኩባያ ጠጥተሽ ግማሽ ቀን ትውያለሽ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ጭኮ። ጭኮውን ቅቤው በደንብ የተነጠረ ይሁን እንጂ ለሳምንታት አይበላሽም።

እንጀራ ላይ ግን አትመኪ። ምጣድሽ የኤሌክትሪክ ነው፣ መብራት ሲጠፋ አለቀ። ያለውም በሦስት በአራት ቀን ይሻግታል። ስለዚህ ከአሁኑ ድርቆሽ አዘጋጂ። ትርፍ እንጀራ ባለ ቁጥር ቆራርጠሽ ሰፌድ ላይ ዘርግተሽ ፀሐይ አስመቺው፣ በጣትሽ ስትሰብሪው ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ከታጠፈ እርጥበት አለው፣ መልሺው። ከደረቀ በኋላ አየር በማያስገባ ባልዲ። ሽሮና ምስር ክክ ጨምሪበት፣ ቶሎ ይበስላሉ፣ ማገዶ አይፈጁም። ባቄላና ሽንብራ በጥሬው አታከማቺ፣ እስኪበስል ጋዝሽ ያልቃል። በደረቁ በሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ብትይ ለአምስት ሰው ለሁለት ሳምንት 35 ኪሎ ነው። ዘይትና ጨው ለብቻ።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ከሰል። በርና መስኮት ዘግታችሁ፣ መጋረጃ ጋርዳችሁ፣ ቀዳዳውን በጨርቅ ጠቅጥቃችሁ ከሰል ቤት ውስጥ እንዳታስገቡ። የከሰል ጭስ እየገደለሽ እንደሆነ እንኳ አታውቂውም፣ እንቅልፍ ይመስልሻል። በሰላሙ ጊዜም ስንት ቤተሰብ እንዲህ ተኝቶ ቀርቷል። በረንዳ ላይ ብቻ፣ በር ከኋላሽ ተዘግቶ።

ቀድሞ ወጪ

እኔ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ። ከተማ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ገዝቶ በላ ነው። ገጠር ጎተራ አለ፣ ምንጭ አለ፣ ቤትና ቤት የተራራቀ ነው፣ እንግዳ ሲመጣ ውሻው ይጮኻል። ሰው የሚያስተላልፈው በሽታ ከሆነ ሰው በሌለበት መሆን ነው።

ግን ነገሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሰሚት መሆናችሁ ደግሞ እድል ነው፣ በለገጣፎ በሰንዳፋ ለመውጣት ከተማውን ማቋረጥ አይጠበቅባችሁም። ወሬው ገና ሩቅ እያለ፣ ሚኒባስ እየጫነ እያለ ከወጣችሁ በሦስት ሰዓት ትደርሳላችሁ። አንድ ቀን ከዘገያችሁ ግን መናኸሪያው ጢም ብሎ፣ ማደያው ሁሉ ሰልፍ ሆኖ፣ መንገዱ ተዘግቶ ታገኙታላችሁ። ያን ጊዜ በእግር፣ ልጅና እናት ይዞ፣ ከሳምንት በላይ ነው። እንደዚያ ከሆነ አትውጡ። ከባለቤትሽ ጋር አሁን ተቀምጣችሁ ምልክቱን ተስማሙ፦ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የተነከሰ ሰው ተገኘ ከተባለ መውጣት ቀርቷል፣ በር መዝጋት ነው። በዚያ ሰዓት ክርክር ከተጀመረ ሁለቱም ያመልጣችኋል።

አትላንታ ነኝ

የምኖረው አትላንታ ነው፣ የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ ያለበት ከተማ። ጥያቄሽ የልጅ አይደለም። ሲዲሲ ራሱ በግንቦት 2011 እ.ኤ.አ. ለዞምቢ እንዴት እንደምትዘጋጁ ብሎ በድረ ገጹ ጽፎ ነበር፣ አንባቢ ከመብዛቱ የተነሳ ገጹ ወድቆ ነበር። ለአውሎ ነፋስና ለወረርሽኝ ተዘጋጁ ሲባል የማይሰማ ወጣት ለዞምቢ ሲባል ሰማ። ዝርዝሩ ያው ነው፦ ውሃ፣ የማይበላሽ ምግብ፣ መድኃኒት፣ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ፣ ሳሙናና በረኪና፣ ልብስ፣ ሰነድ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ።

ከእሱ የወሰድኩት ትልቁ ነገር ግን መገናኛ ቦታ ነው። ሁለት ይሁን፦ አንድ እደጅ፣ አንድ ከሰፈር ውጭ። ችግር ሲፈጠር ባልሽ ሥራ ላይ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ አንቺ ገበያ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ ሁሉም ሌላውን ፍለጋ ይወጣል፣ ሰው የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። ልጆቹ ማን እንደሚያመጣቸው፣ እሱ ካልመጣ ማን እንደሚተካው ይወቁ። ስልክ ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፈሽ ቦርሳቸው ውስጥ ክተቺ፣ ዛሬ የእናቱን ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ልጅ ስንቱ ነው? የልደት ካርድ፣ መታወቂያ፣ የቤቱ ካርታ፣ የእናትሽ የሕክምና ወረቀት ኮፒ በአንድ ላስቲክ ውስጥ ይሁን።

ሌሊት ተረኛ

ነርስ ነኝ። በንክሻ ተላልፎ የሰውን ጠባይ የሚቀይር በሽታ እኮ አለን፣ የእብድ ውሻ በሽታ። ቫይረሱ በምራቅ ይገባል፣ በነርቭ አድርጎ ወደ አንጎል ይሄዳል፣ ሰውየው ይቆጣል፣ ውሃ ይፈራል። ብዙ ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ነው። ምልክቱ ከጀመረ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ይዳናል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ሲገኝ መጀመሪያ የሚደረገው ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ ነው። በሰዓት ያዙት፣ 15 ደቂቃ ረጅም ነው። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ለክትባት ጤና ተቋም። ቅቤ፣ ቅጠል፣ ቡና አትቀቡበት። ይሄ ለዞምቢው ግምት ነው፣ ለውሻው ግን ዛሬም የሚሠራ እውነት ነው፣ ልጆችሽን አስተምሪያቸው።

ሁለተኛው ከባድ ነው። የሞተ ሰው የሚነሳበት ነገር ከመጣ እኛን የሚጨርሰን ለቅሶ ነው። ከ2014 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ጊኒ፣ ላይቤሪያና ሴራሊዮን ውስጥ ኢቦላ ከ11,000 በላይ ሰው ሲገድል፣ ብዙ ሰው የተያዘው የሞተ ዘመዱን አጥቦ፣ ስሞ፣ ሲቀብር ነው። እኛም እንደዚያው ነን። ገንዘን፣ አቅፈን፣ ተሰብስበን ነው የምንቀብረው። ቤተሰብ ውስጥ ቀድሞ መነጋገር ያለበት ይሄ ነው፦ ከመካከላችን አንዱ ቢነከስ የት ክፍል ይገባል፣ አንድ አስታማሚ ብቻ ማን ይሆናል፣ ምግቡ በር ላይ እንዴት ይቀመጣል። እናት ልጇን በር ዘግታ አትተወውም፣ ተይው ብላችሁም አትሰማም። እንግዲያው የምትነካበት ጓንት፣ የምትለብሰው ረጅም የጎማ ጫማና ወፍራም ልብስ ይኑራት።

የሰሚቷ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ባለቤቴም አብሮኝ እያነበበ ነው፣ በምልክቱ ተስማምተናል። ሌሊት ተረኛ፣ የእናቴን ኢንሱሊን ምን ላድርገው? ፍሪጁ ከጠፋ ማለቴ ነው። ሌላው ደግሞ በሩ። ብረት ነው ብያለሁ ግን መቆለፊያው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አሽዶድ

ስለ በር እኔ ልንገርሽ። እስራኤል ውስጥ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ በተሠሩ ቤቶች ማማድ የሚባል የተጠናከረ ክፍል አለ፣ ግድግዳው ኮንክሪት፣ በሩ ከባድ ብረት። ግን የተሠራው ለሮኬት ነው፣ ገፍቶ ለሚገባ ሰው አይደለም፣ አብዛኛው በር ከውስጥ አይቆለፍም ነበር። ሐማስ ጥቃት ባደረሰበት በኦክቶበር 7 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ብዙ ሰው እጀታውን በእጁ ይዞ ነው በሩን የጠበቀው። ስለዚህ የበሩን ክብደት ትተሽ እጀታውንና ማጠፊያውን እዪ። ብረት በያጅ ጠርተሽ ከውስጥ ሁለት ወፍራም መወርወሪያ አስበይጂ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ግድግዳው ውስጥ የሚገባ። ብዙ ወጪ የለውም። ልጆችም በጨለማ ይክፈቱት ይዝጉት፣ ይለማመዱ፤ እኛ ቤት ትንሿ ልጄ እንኳ ተኝታ ተነስታ ታውቀዋለች።

የብሎክ ኮሚቴ

በርሽን ብቻ አጠናክረሽ አይሆንም። ደረጃው የጋራ ነው። እኛ ብሎክ ሌባ ሲያስቸግረን ከየቤቱ አዋጥተን ደረጃው መግቢያ ላይ የብረት በር አስገጠምን። እሱ ከተዘጋ ሃያ ቤት በአንድ በር ይጠበቃል፣ ካልተዘጋ ሁሉም ለየብቻው ይጠበቃል። ቁልፉ ማን ማን ጋ እንዳለ ሁሉም ይወቅ።

ከዚያ ጎረቤትሽን ጠይቂ። ማን ነርስ ነው፣ ማን ኤሌክትሪሺያን ነው፣ ማን ጋ ትልቅ ሮቶ አለ፣ ማን ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው። ዕድራችን ድንኳንና ድስት ብቻ አይደለም፣ የሁሉም ስምና ቤት ቁጥር የተጻፈበት መዝገብ አለው፣ ያ መዝገብ በዚያ ቀን ከወርቅ ይበልጣል። ዞምቢዎቹን ድምፅ የሚስባቸው ከሆነ መጣራትና በር ማንኳኳት አይቻልም፣ ስለዚህ በረንዳ ላይ ጨርቅ መስቀል ነው፦ ነጭ ከሆነ ደህና ነን፣ ቀይ ከሆነ የታመመ አለ። ጠዋትና ማታ አንድ ሰው ቆጥሮ ይመዘግባል። ጄኔሬተር የሚባል ነገር አታስነሱ፣ ሰፈሩን ሁሉ ነው የሚጠራው። የፀሐይ መብራት ይበቃል፣ እሱም መጋረጃ ተጋርዶ።

ሌሊት ተረኛ

ኢንሱሊኑን ላስረዳሽ። የተከፈተው ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ በታች ከተቀመጠ ያለ ፍሪጅ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን አረጋግጪ። የአዲስ አበባ ብርድ ይጠቅምሻል። የበለጠ ለማቀዝቀዝ ከፈለግሽ ሁለት የሸክላ ድስት ግዢ፣ ትልቅና ትንሽ። ትንሹን ትልቁ ውስጥ አስገቢ፣ መሃሉን በአሸዋ ሙዪው፣ አሸዋውን ውሃ አጠጪው፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ አልብሺው፣ ንፋስ የሚያገኘው ጥላ ውስጥ አስቀምጪው። አሸዋው ሲደርቅ እንደገና ውሃ። ብልቃጡ ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ ይጠቅለል። ቆሻሻ ውሃ ይበቃዋል፣ የሚጠጣውን አታባክኚበት።

ከመበላሸቱ በላይ የምፈራልሽ ሌላ ነው። ምግብ ሲቀንስ እናትሽ በለመዱት መጠን ከተወጉ ስኳራቸው ይወርዳል፤ ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይደናገራሉ። ያን ጊዜ ሰው ዞምቢ ሆኑ ብሎ እንዳይሸሻቸው ለሁሉም ንገሪ። ወዲያው ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት ነው፣ ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አይሰጥም። አሁን ወደ ሐኪማቸው ውሰጃቸውና ሁለት ነገር ጠይቂ፦ የአንድ ወር ተጨማሪ መድኃኒት ማዘዣ፣ እና ግማሽ በሚበሉበት ቀን መጠኑ ስንት እንደሚሆን። መልሱን አጽፈሽ ከመለኪያው ማሽን ጋር አስቀምጪው። የማሽኑን ስትሪፕ አትርሺ፣ ቀድሞ ከፋርማሲ የሚጠፋው እሱ ነው።