አስቸኳይ! የያዝኩት በረራ 7ኤም8 ይላል፣ ልክፈል ወይስ ልተወው?

ሂሩት፦ ሰላም ቤተሰብ። ትኬቱን ዛሬ ማታ ካልከፈልኩ ይሰረዛል፣ አሁን ዝርዝሩን ሳየው አውሮፕላን የሚለው ጋ 7ኤም8 ይላል፣ ይሄ ያ ማክስ የሚባለው ነው አይደል? ሌላ በረራ ልቀይር ስል ገጹ ዝም ብሎ ይሽከረከርና ኤረር ይላል። ከእናቴ ጋር ነው የምሄደው፣ እሷ ማክስ ከሰማች አትሳፈርም። የምታውቁ ቶሎ በሉኝ

መስኮት ዳር፦ አዎ ቦይንግ 737 ማክስ 8 ነው። 738 ቢልሽ ኖሮ የቀድሞው 737-800 ነበር። አንዳንዱ ገጽ ደግሞ 737-8 ይለዋል፣ እሱም ማክስ ነው፣ ብዙ ሰው ከ800ው ጋር ያምታታዋል።

ናቲ፦ በሌላ ብራውዘር ሞክሪ

ጋሽ በረራ፦ ልጄ፣ ነገሩን ከስሩ ስሚ። ጥቅምት 2011 ኢንዶኔዥያ ላይ 189 ሰው፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ደግሞ በኛው አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ላይ 157 ሰው አለቀ። ኤምካስ የሚባለው ሲስተም አንድ ሴንሰር ብቻ አምኖ፣ ሴንሰሩ ሲሳሳት አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ይደፋው ነበር፣ ፓይለቶቹ ቢታገሉም አልተቻለም። ከዛ በመላው ዓለም ታገደ። ህዳር 2013 ላይ አሜሪካኖቹ ሲፈቅዱለት ሁለቱንም ሴንሰር እንዲያነጻጽር፣ ደጋግሞ እንዳይደፋ ተደርጎ፣ ፓይለቶቹም ሲሙሌተር ላይ እንዲሰለጥኑ ተገደው ነው። የሞቱትን መቼም አንረሳም፣ አሁን የሚበረው ግን ያኔ እንደነበረው አይደለም።

ሶስና፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ታህሳስ 2016 የአላስካ ኤርላይንስ ማክስ 9 አየር ላይ እያለ በር ሊሆን የሚችለውን ክፍት ቦታ የሚደፍነው ሽፋን ተገንጥሎ የወደቀውስ? አራቱ ብሎኖች ፋብሪካ ውስጥ ተፈትተው ሳይመለሱ ነው የቀሩት። ሰው አልሞተም ተመስገን፣ ግን የልጅቷ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም።

ዳዊት ቲ፦ እኔ ጥያቄው ራሱ ልክ አይመስለኝም። አይነቱን አይተሽ ብትገዢም አየር መንገዱ በበረራው ቀን ሌላ አውሮፕላን ሊያቀርብ ይችላል፣ በዚህ አይነት እናበርሻለን ብሎ ቃል አይገባም። ማን ነው የሚያበረው የሚለውን እዪ፣ ኮድሼር ከሆነ ትኬቱ የአንዱ ሆኖ አውሮፕላኑም ፓይለቱም የሌላ ነው። የአውሮፓ ህብረት ያገዳቸው አየር መንገዶች ዝርዝር ለሁሉም ክፍት ነው፣ የአየር መንገዶች ማህበሩ አያታም አዮሳ የሚለውን የደህንነት ኦዲት ያለፉትን ዌብሳይቱ ላይ ያወጣል። እነዚህን ሁለቱን ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሂሩት፦ ማን እንደሚያበረው የት ነው የሚጽፉት? አላየሁም

መስኮት ዳር፦ ከበረራ ቁጥሩ ስር በደቃቅ ፊደል፣ ስልክ ላይ ዝርዝሩን ካልከፈትሽው አይታይም

ቤቢ፦ እናትሽን መስኮት ጋ አስቀምጫት፣ ደመናውን ስታይ እሷ ናት አንቺን የምታረጋጋሽ 😄

ናቲ፦ ብራውዘር ቀየርሽ? ካሹንም (ብራውዘሩ ያስቀመጠውን ዳታ) አጥፊው

ትኬት ቢሮ የሰራሁ፦ ብራውዘሩን ተዪው። ስልክ ደውዪና ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለውን የቡኪንግ ኮድ ስጫቸው፣ በዛው ቀን ሌላ አውሮፕላን ያለው በረራ ካለ ወደሱ ያዙሩልሽ። ገና ስላልከፈልሽ ቅጣት የለውም፣ ዋጋው ግን ሊለያይ ይችላል፣ ጠይቂ። ራስሽ በጎን አዲስ ቡኪንግ እንዳትይዢ፣ በአንድ ስም ለአንድ ቀን ሁለት ሲሆን ሲስተሙ አንዱን ሊሰርዘው ይችላል፣ የትኛውን እንደሆነ ደግሞ አንቺ አትመርጪም። የእናትሽ ስም በዛው ኮድ ውስጥ መኖሩንም አረጋግጪ፣ ለየብቻ ከተያዘ አንዳችሁ ብቻ ልትዘዋወሩ ነው።

ሶስና፦ ይሄን ስሚው ሂሩትዬ፣ አሁኑኑ ደውዪ። እናትሽንም ሳትደብቂ ንገሪያት፣ በር ላይ ደርሳ ከምታውቅ ዛሬ ብትወስን ይሻላል።

ዳዊት ቲ፦ ሂሩት ሰዓቱ አልደረሰም? ምን አሉሽ?

ያሬድ፦ ጥያቄ ላስገባ ይቅርታ፣ የኔ 32ኪው ይላል፣ እሱስ ምንድነው?

መስኮት ዳር፦ ኤርባስ ኤ321 ኒዮ

ናቲ፦ ሂሩት ካሹን አጠፋሽው?