በጣት አሻራ ግሮሰሪ መክፈል፦ የእናቴን ጣት ስልኩ እምቢ አለ

ጠያቂው (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ሆቴል ውስጥ ጽዳት ትሠራለች። የያዘችው አይፎን ኤስኢ ነው፣ ከታች ክብ ቁልፍ ያለው። የባንክ ካርዷን አፕል ፔይ በሚባለው የስልኩ መክፈያ ላይ አስገባሁላት። ቤት ስንሞክረው ይሠራል። ከሥራ ወጥታ ግሮሰሪ ስትገባ ግን ጣቷን አላውቅም ይላታል። ከኋላ ሰልፉ ይረዝማል፣ እሷ ትደነግጣለች፣ በመጨረሻ ጥሬ ብር አውጥታ ትከፍላለች። ደግሞ «አሻራዬ ሱቁ ጋ ይቀራል» ብላ ትሰጋለች። ምን ላድርግላት?

ስልክ ጠጋኝ፦
ጣቷን የጎዳው በረኪናው ነው ወንድሜ። ጽዳት፣ እጥበትና ግንባታ የሚሠራ ሰው የጣቱ መስመር ይሳሳል። ቆዳው ሲደርቅም ሲረጥብም ማንበቢያው ይቸገራል።

ሴቲንግ ግባና «ተች አይዲ ኤንድ ፓስኮድ» የሚለውን ክፈት። የድሮውን አሻራ አጥፋው። ከዚያ ልክ ከሥራ እንደወጣች፣ እጇ በዚያው ሁኔታ ላይ እያለ፣ እንደገና መዝግበው። እስከ 5 አሻራ ስለሚቀበል አውራ ጣቷን ሁለት ጊዜ አስገባው፤ አንዴ መሀሉን፣ አንዴ ጫፍና ጎኑን። ሥራ ብዙ የማይነካውን ጣት፣ ለምሳሌ የግራ ቀለበት ጣቷንም ጨምር። ቁልፉን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረገው።

አከፋፈሉንም አለማምዳት። ስልኩ እንደተቆለፈ ክቡን ቁልፍ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ስትጫን ካርዷ ይመጣል። ከዚያ በኋላ መጫን የለም፤ ጣቷን ቀስ ብላ ታሳርፍና የስልኩን አናት ወደ ማሽኑ ታስጠጋ። እምቢ ካለ በፓስኮድ፣ ማለትም ስልኩን በሚከፍተው የምስጢር ቁጥር፣ መክፈል ይቻላል። ስለዚህ ፓስኮዷን በቃሏ ትያዝ። 5 ጊዜ ካልተነበበ፣ ወይም ስልኩ ጠፍቶ ከተነሳ፣ የግድ ፓስኮድ ይጠይቃል። «ሰለቸን» ብላችሁ ፓስኮዱን እንዳታጠፉት፣ ካርዱም አብሮ ይጠፋል።

የድሮ አባል፦
እማማ ዝም ብለው አልሰጉም። አሜሪካ ውስጥ ፔይ ባይ ተች የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ድርጅት ነበር። ሸማቹ ካሸሩ ጋ ባለው ማሽን ላይ ጣቱን አስቀምጦ ይከፍላል፣ ስልክም ካርድም የለም። አሻራው የሚቀመጠው ድርጅቱ ዘንድ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከሰረ፣ በ2008 አገልግሎቱ ተዘጋ። የሰው አሻራ በማን እጅ ሊገባ ነው ተባለና፣ በዚያው ዓመት የኢሊኖይ ግዛት ስለ አሻራና መሰል መረጃዎች ሕግ አወጣች።

የስልኩ ነገር ሌላ ነው። አሻራው ከስልኩ አይወጣም፣ እዚያው ለብቻው በተዘጋ ቦታ ተመስጥሮ ይቀመጣል። ሱቁ የካርዱን እውነተኛ ቁጥር እንኳ አያይም፣ የሚደርሰው ተለዋጭ ቁጥር ነው። ሱቅ በራሱ ማሽን ላይ «ጣትዎን ያኑሩ» ካላቸው ግን እሺ ከማለታቸው በፊት የት እንደሚቀመጥና እንዴት እንደሚሰረዝ ይጠይቁ። እኔ ብሆን አልሰጥም።

የልጆች እናት፦
የልጅ ልጅ ጌም እንዲከፍትበት ብላችሁ የልጅ አሻራ አስገብታችሁ ከሆነ ቶሎ አጥፉት። የተመዘገበ ጣት ሁሉ መክፈል ይችላል። በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ አርካንሳስ ውስጥ የ6 ዓመት ልጅ የተኛች እናቷን አውራ ጣት ስልኩ ላይ አስነክታ የ250 ዶላር መጫወቻ አዝዛለች። የእኔዎቹም ይሄን ሰምተው እንዳይሞክሩት ነው የምፈራው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ ከሥራ ሳመጣት መኪና ውስጥ እመዘግበዋለሁ። የልጅ አሻራ አንድ አለ፣ አጠፋዋለሁ። ፊቷን አይቶ የሚከፈት ስልክ ብገዛላትስ ይሻላል?

ስልክ ጠጋኝ፦
ጣት አያስፈልገውም፣ ግን አትቸኩል፣ መጀመሪያ ይሄን ሞክረው። እስከዚያ የባንክ ካርዷን እየው። የሞገድ ምልክት ካለበት ካርዱን ራሱን ማሽኑ ላይ አስጠግታ መክፈል ትችላለች።