የሂፖካምፐስን መጠን በቡድን ስናወዳድር የራስ ቅል ይዘትን ማካፈል ወይስ ኮቫሪየት ማድረግ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። 34 የቴምፖራል ሎብ የሚጥል በሽታ ታማሚዎችና 40 ጤነኞች በአንድ የኤምአርአይ ማሽን ተነስተዋል፤ የሂፖካምፐሱን (በአንጎል ውስጥ ለማስታወስ የሚያገለግለውን ክፍል) መጠን የለካሁት በፍሪሰርፈር (የአንጎል ምስል በሚተነትን ሶፍትዌር) ነው። ከታማሚዎቹ 24ቱ ወንዶች ናቸው፤ ከጤነኞቹ ግን 18 ብቻ። ሂፖካምፐሱን ለራስ ቅል ይዘት (ኢቲአይቪ) አካፍዬ ቲ-ቴስት (የሁለት ቡድን አማካዮችን የሚያወዳድር ፈተና) ስሠራ ልዩነቱ ጎልቶ ወጣ። ኢቲአይቪን ኮቫሪየት አድርጌ (ተጽዕኖው እንዲነሳ ከቡድኑ ጋር በአንድ ሪግረሽን ሞዴል) ሳስገባ ግማሽ ያህሉ ጠፋ። የትኛውን ልመን? የመድኃኒት መጠንና የትምህርት ዓመትንስ ልጨምር?

መልስ 1
ኮቫሪየት ያለበትን ይመኑ። ማካፈል የሚሠራው ሂፖካምፐስና የራስ ቅል ይዘት እኩል በእኩል ሲያድጉ፣ ማለትም መስመራቸው ከዜሮ ሲነሳ ብቻ ነው። በተግባር ግን ጭንቅላቱ በ10 በመቶ ሲተልቅ ሂፖካምፐሱ ከዚያ ባነሰ ነው የሚጨምረው።

በቁጥር እንየው። የጤነኞቹ መስመር 1650 + 1.5 × ይዘት (በሚሊ ሊትር) ነው እንበል። ይዘቱ 1300 የሆነ ሰው ሂፖካምፐሱ 3600 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር፣ 1600 የሆነው ደግሞ 4050 ይሆናል። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ ሁለቱም መስመሩ ላይ ናቸው። ሲያካፍሉ ግን 2.77 እና 2.53 ያገኛሉ፤ ትልቅ ጭንቅላት ያለው ሰው ከ8 በመቶ በላይ «የመነመነ» ይመስላል። የእርስዎ ታማሚዎች በብዛት ወንዶች ስለሆኑ፣ የወንዶች ጭንቅላት ደግሞ በአማካይ ስለሚተልቅ፣ የጠፋው ግማሽ ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ሁሉንም በአንድ ሞዴል ያስገቡ፦ ሂፖካምፐስ ~ ቡድን + ዕድሜ + ጾታ + ኢቲአይቪ። ኢቲአይቪን ለ1000 አካፍለው ወደ ሚሊ ሊትር ይቀይሩ፤ አማካዩንም ይቀንሱለት። አለበለዚያ ኮኤፊሸንቱ በጣም ትንሽ ቁጥር ሆኖ ለማንበብ ያስቸግራል። ዕድሜን በካሬ የሚጨምሩ ከሆነ መጀመሪያ አማካዩን ይቀንሱ፣ ከዚያ ካሬ ያድርጉ።

መጀመሪያ ኮቫሪየቶቹን ከመጠኑ ላይ «አጥቦ» (በሪግረሽን ቀንሶ) በቀሪው ላይ ቲ-ቴስት መሥራት በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ቡድኖቹ በጾታ ስለሚለያዩ፣ ሁሉም ሰው ባለበት ሪግረሽን የሚያጥቡት ከቡድኑ ልዩነት ጭምር ነው። የተስተካከለ መጠን ለሥዕል ከፈለጉ ስሎፑን (የመስመሩን ተዳፋት፣ ከላይ 1.5 የነበረውን) ከጤነኞቹ ብቻ ይውሰዱ፦ መጠን − ስሎፕ × (ይዘት − አማካይ ይዘት)። ከላይ ያሉት ሁለት ሰዎች፣ አማካዩ 1450 ከሆነ፣ ሁለቱም 3825 ላይ ይገናኛሉ።

መልስ 2
በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ከሞዴሉ በፊት ኢቲአይቪው ራሱ ይመርመር። ፍሪሰርፈር የራስ ቅሉን አይለካም። አንጎሉ ከታላይራክ አትላስ (ከመደበኛ የአንጎል ካርታ) ጋር እንዲገጥም ምን ያህል መለጠጥ ወይም መጨመቅ እንዳስፈለገው አይቶ ነው የሚገምተው። ግጥሚያው ከተበላሸ የሂፖካምፐሱ ቁጥር ደህና ቢመስልም ኢቲአይቪው የማይሆን ይሆናል። ሂስቶግራም ይሥሩ። በአዋቂ ሰው ከ1000 ሚሊ ሊትር በታች ወይም ከ2000 በላይ የሆነውን ሁሉ ምስሉን ከፍተው አንድ በአንድ ይዩ፤ ግጥሚያውን በእጅ አስተካክለው ከዚያ በኋላ ያሉትን ደረጃዎች እንደገና ያስኪዱ። በ74 ሰው ናሙና ሁለት የተበላሹ ነጥቦች ስሎፑን ማዛባት ይችላሉ።

በኢቲአይቪ ፋንታ የአንጎሉን ጠቅላላ መጠን አያስገቡ። የራስ ቅል ካደገ በኋላ አይቀንስም፤ አንጎል ግን በበሽታው ሊቀንስ ስለሚችል የሚፈልጉትን ልዩነት አብረው ይሰርዙታል።

የመድኃኒቱ ነገርም እንዲሁ ነው። የጤነኞች መጠን ሁሉ ዜሮ ስለሆነ ተለዋዋጩ «ቡድን»ን በሌላ ስም መድገም ነው። በታማሚዎቹ ውስጥ ብቻ ለብቻው ይተንትኑት። ትምህርትንም ከዋናው ሞዴል ያውጡት፤ ልጅነት ላይ የጀመረ የሚጥል በሽታ ራሱ ትምህርት ያቋርጣል፣ ስለዚህ የበሽታው ውጤት እንጂ ከውጭ የመጣ ምክንያት አይደለም።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ስሎፑ በሁለቱ ቡድኖች ቢለያይስ?

መልስ 1
ቡድን × ኢቲአይቪ (የሁለቱን ብዜት) ጨምረው ይሞክሩት፤ ግን በዚህ ናሙና ፒ-ቫልዩው ትልቅ መሆኑ ብቻ ስሎፖቹ አንድ ናቸው አያሰኝም። ነጥቦቹን ለየቡድኑ በቀለም ለይተው ይሳሉ። መስመሮቹ በግልጽ ከተለያዩ የቡድኑ ልዩነት ለሁሉም አንድ ቁጥር አይሆንም፤ በትንሽ፣ በአማካይና በትልቅ ይዘት ላይ ስንት እንደሆነ ለየብቻው ይጻፉ።

መልስ 2
አንድ ያልተነሳ ነገር አለ፦ በሽታው በግራ የጀመራቸውንና በቀኝ የጀመራቸውን አይደባልቁ፤ የታመመው ጎን መመንመን በጤነኛው ጎን ተሸፍኖ ይቀራል። «የታመመ ጎን» እና «ሌላኛው ጎን» ብለው ይመድቡ። ጤነኛ ሰው ላይም የቀኙ በመጠኑ ስለሚበልጥ፣ ከመመደብዎ በፊት እያንዳንዱን ጎን በጤነኞቹ የዚያው ጎን ሞዴል፣ ዕድሜ፣ ጾታና ኢቲአይቪ ገብተውበት፣ ወደ ዜድ-ስኮር (ከጤነኞቹ በሚጠበቀው መጠን በስንት ስታንዳርድ ዴቪየሽን እንደራቀ) ይቀይሩ።