ለመጀመሪያ ሽጉጥነት ያገለገለ ስድስት ጎራሽ መግዛት ያዋጣልን?

የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ፦

የተከበራችሁ ወገኖች፣ በሜሪላንድ የምኖር የግሪን ካርድ ባለቤት ስሆን ዕድሜዬ 43 ነው። አባቴ በገጠር ምንሽር ስለነበረው መሣሪያ ለዓይኔ እንግዳ አይደለም፤ ሽጉጥ ግን ተኩሼ አላውቅም። ለቤት ጥበቃና ቅዳሜ ቅዳሜ ተኩስ ለመለማመድ አንድ ልገዛ አስቤ ወደ ሱቅ ብሄድ፣ ሻጩ ሁለት ሪቮልቨሮች፣ ማለትም ጥይታቸውን በሚዞር ሲሊንደር ቀዳዳዎች ውስጥ የሚጎርሱ ሽጉጦች፣ አሳየኝ። አንደኛው ያገለገለ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 10 ሲሆን፣ አፈሙዙ ባለ 4 ኢንች፣ ጥይቱ 38 ስፔሻል፣ ዋጋው 480 ዶላር ነው። ሁለተኛው አዲስ፣ አምስት ጎራሽ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባና በጣም ቀላል ነው። ያገለገለው ቀለሙ ከአፈሙዙ ጫፍ ተልጦ ብረቱ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ ባለቤቴ አልወደደችውም። የትኛው ይሻለኛል? ያገለገለውን ብመርጥስ ምን ምኑን ልመልከት?

ባለ ወልዋይ፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ብሆን ያለ ማመንታት ያገለገለውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም ክብደቱ ነው። ሞዴል 10 ጥይት ሳይጎርስ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል፤ ከቀላል ብረት የተሠሩት የኪስ ሽጉጦች ግን ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞሉም። ጥይቱ ያው በመሆኑ፣ ብረቱ ያልቻለውን ግፊት የሚችለው የእርስዎ መዳፍ ነው። እኔ ራሴ በትንሹ ጀምሬ፣ የአውራ ጣቴ ሥር እያበጠ፣ ምላጩን በሳብሁ ቁጥር ዓይኔን መጨፈን ለምጄ ነበር፤ ልማዱን ለመተው አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። በዚያ ላይ አፈሙዙ ሲያጥር የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው ስለሚቀራረብ፣ እጅ በትንሹ ቢያጋድል ጀማሪው ሳያውቀው ጥይቱ ሩቅ ይስታል። የኪስ ሽጉጥ የለመደ ሰው መሣሪያ ነው።

ስለ ቀለሙ ባለቤትዎ ብዙ ባይጨነቁ እወዳለሁ። የዚህ ሞዴል የዘር ሐረግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1899 ይጀምራል፤ የአሜሪካ ፖሊሶችም በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ወደ ባለ ካዝና ሽጉጥ እስኪዞሩ ድረስ ለብዙ ዘመን ታጥቀውታል። ቀለሙን የሚልጠው በአብዛኛው ከአፎቱ መውጣትና መግባቱ ነው፤ ብዙ የታጠቁትና ጥቂት የተኮሱበት ሽጉጥ ውጭው አርጅቶ ውስጡ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል።

የቀድሞ የጥበቃ ሠራተኛ፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ይሁንና ሞዴሉ ጥሩ ነው ማለት ያ አንዱ ሽጉጥ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። በመጀመሪያ ሲሊንደሩን ከፍተው ስድስቱም ቀዳዳዎች ባዶ መሆናቸውን በዓይንዎም በጣትዎም ያረጋግጡ፤ ከዚያም መዶሻውን፣ ማለትም ከኋላ ያለውን ጥይቱን የሚያስተኩስ ምት ሰጪ ብረት፣ ለመሞከር ሻጩን ያስፈቅዱ። አንድ ጣት ሲሊንደሩ ላይ በስሱ አሳርፈው መዶሻውን በዝግታ ወደ ኋላ ይሳቡ፤ መዶሻው ተስቦ ሲያበቃ ሲሊንደሩም ቦታው ላይ ቆልፎ መገኘት አለበት። ይህንን በስድስቱም ቀዳዳዎች ላይ ይድገሙት። አንዱ እንኳ ሳይቆልፍ ከቀረ፣ ጥይቱ ከአፈሙዙ ጋር ሳይገጥም ሊተኮስና እርሳሱ በጎን ሊረጭ ስለሚችል አይግዙት። ቀጥሎ መዶሻው እንደተሳበ፣ ምላጩን ሳይነኩ በአውራ ጣትዎ ወደ ፊት ይግፉት፤ ተገፍቶ ከወደቀ አደገኛ ነው።

ሲሊንደሩን ዘግተው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲነቀንቁትም ጎልቶ መንቀጥቀጥ የለበትም። በእርሱና በአፈሙዙ መካከል ያለውን ክፍተት በቀጭን የብረት መለኪያ ማየት ይቻላል፤ ከ0.10 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ቢሆን መልካም ነው፣ 0.25 ከደረሰ ግን እኔ አልገዛውም። በአፈሙዙ ውስጥ በባትሪ ብርሃን ሲመለከቱ ጥቁር ቀለበት ከታየዎ፣ አንድ ቀን ጥይት ተቀርቅሮበት ሌላ ጥይት ከኋላው ስለተተኮሰ ብረቱ አብጦ ሊሆን ይችላል። የብሎን ራሶቹ የተፋፋቁ ከሆኑም ያልተማረ እጅ ከፍቶታል ማለት ነው። ፊልም ላይ እንደሚታየው ሲሊንደሩን በእጅ ውርወራ የሚዘጋ ሰው የያዘው ሽጉጥ ደግሞ ሲሊንደሩን የሚሸከመው የብረት ክንድ የመጣመም ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ሻጩ በፊትዎ እንዲህ ሲያደርግ ካዩ ከዚያ ሱቅ ይውጡ።

ሲሊንደሩ ሲከፈት ከክንዱ ሥር የሞዴሉ ቁጥር ተቀርጾ ይታያል። ቁጥር መቅረጽ የተጀመረው በ1957 በመሆኑ፣ ቁጥር በሌላቸው አሮጌዎች ላይ ግፊቱ ከፍ ያለውን ጥይት አይጠቀሙ።

የሕግ ጉዳይ ተከታታይ፦

በሜሪላንድ ሽጉጥ ለመግዛት አስቀድሞ የግዢ ብቃት ፈቃድ ያስፈልግዎታል፤ ለዚህም የጣት አሻራ መስጠትና 4 ሰዓት የሚፈጅ ሥልጠና መውሰድ ይኖርብዎታል፤ ፈቃዱን ይዘው ሽጉጡን ለመግዛት ካመለከቱ በኋላም 7 ቀን ይጠበቃል። ግሪን ካርድ አይከለክልዎትም። ወገን ስለሆነ ብለው ለሌላ ሰው በእርሱ ገንዘብ በስምዎ እንዳይገዙ ግን አደራ፤ የፌዴራሉ ቅጽ ላይ ገዢው ራሴ ነኝ ብሎ በሐሰት መፈረም ወንጀል ነው። ልጆች ካሉም የሚቆለፍ ሣጥን ከሽጉጡ ጋር አብሮ ይገዛ።

የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ተመልሼ ሄጄ በተነገረኝ መሠረት ሞዴል 10ን ፈተሽሁት። ሦስት ቀዳዳዎች ቀጭ እያሉ ቆለፉ፤ አራተኛው ላይ መዶሻው ሙሉ በሙሉ ተስቦ ሳለ ሲሊንደሩ ገና ነበር፣ በጣቴ ገፋ ሳደርገው ነው ቀጭ ያለው። ለሻጩ ባሳየው እርሱም ደግሞ ሞከረው፤ ያው ሆነ። ምንም ሳይከራከር ዋጋው የተጻፈበትን ወረቀት አንሥቶ ሽጉጡን ለጠጋኝ እንዲላክ ለብቻው አስቀመጠው። ከመሳቢያው ያወጣው ሌላው ሞዴል 10 ከፊተኛው ይልቅ ቀለሙ የተላጠ፣ የእንጨት እጀታውም የተጫጫረ ነበር፤ ስድስቱም ቀዳዳዎች ግን ያለ ስህተት ቆለፉ። ፈቃዱ እስኪወጣልኝ ሊያቆይልኝ ተስማምቷል። ሥልጠናው የፊታችን ቅዳሜ ነው፤ ባለቤቴም አብራኝ ተመዝግባለች።